ኮንሶልና ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ ልገዛ ነው፤ የቱን ልያዝ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ሠላሳን አልፎ መሀል ላይ ጭቅጭቅ ስለገባበት፣ አሁን የሚመጣ ሰው ፍሬውን ከገለባው ለመለየት እንዳይቸገር የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አባባል አስፍሬዋለሁ። ያልተስማማንበትንም አልደበቅኩም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻው

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጌም ማጫወቻ) ከሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ ጋር መግዛት ፈልጌያለሁ። ከፕሌይስቴሽን 5፣ ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ፣ ከሲሪስ ኤስ እና ከኔንቲዶ ስዊች 2 የቱ ይሻለናል? የምንወደው ኳስና የመኪና ውድድር ነው፤ አልፎ አልፎም ታሪክ ያለው ጌም። ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮች ተቀምጠዋል። ጆይስቲኩ ቶሎ የማይበላሽ፣ ቻርጅ የሚይዝ፣ ሲጫኑት የማይዘገይ ይሁንልኝ ብዬ ጨረስኩ። ዋናውን ነገር ግን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ ቁጥር 12 ላይ ታገኙታላችሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በአክብሮት ሰላምታ ጀምሮ፣ ከሁሉ በፊት ዲስኮቼን እንድቆጥር መከረኝ። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ከሞላ ጎደል ሁሉንም የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ያጫውታል። የመጀመሪያው ዲጂታል የሚባለው ግን ማስገቢያ ስለሌለው ዲስኮቼ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀሩ፣ በኋላ ለወጣው ቀጭኑ ዲጂታልና በ2024 ለወጣው ፕሮ ደግሞ ማስገቢያው ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠም እንደሆነ አስረዳ። ሲሪስ ኤስ ጭራሽ ማስገቢያ የለውም። ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ የረሱት ቀላል ነገር ይሄ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ዲስክ ግማሹን ምርጫ አስቀድሞ ይወስንላችኋል።

መልስ 2

ይሄኛው በጉልበት መጣ። ሲሪስ ኤክስ 12 ቴራፍሎፕ (የማስላት ፍጥነት መለኪያ ነው)፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 10.28 ስለሆነ ክርክሩ አልቋል፣ ሌላ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው የሚል አቋም ይዟል። ሲሪስ ኤስን በ4 ቴራፍሎፑ አናንቆት አለፈ።

መልስ 3

ቁጥር 2ን በትሕትና አረመው። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ጌም በሁለቱ ላይ ሲጫወቱት ልዩነቱን በዓይን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይጠይቃል። ይልቅ ሊታይ የሚገባው የሲሪስ ኤስ ሜሞሪ ነው፤ ሁለቱ ትልልቆቹ 16 ጊጋባይት ሲኖራቸው እሱ 10 ነው ያለው። ያም ሆኖ ቴሌቪዥናችን ፎርኬ ካልሆነ ሲሪስ ኤስን መናቅ ተገቢ እንዳልሆነ ጨመረ። እኔም ቴሌቪዥናችን ፎርኬ እንዳልሆነ እዚያው መለስኩለት።

መልስ 4

ረጅም ነው፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ የሆነበት ሰው ግን ሙሉውን ያንብበው። ዲስክ ስላለኝ ከዳውንሎድ አመለጥኩ ብዬ እንዳላስብ አስጠነቀቀኝ። በአሁኖቹ ኮንሶሎች ጌሙ ከዲስኩ ወደ ውስጥ ማስቀመጫው ይገለበጣል፤ ዲስኩ የሚቀረው እንደ ቁልፍ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ማሻሻያ ይወርዳል። ከ100 ጊጋባይት የሚያልፉ ጌሞች እየበዙ ሲሄዱ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ካለው 825 ጊጋባይት ለተጠቃሚው የሚተርፈው 667 ገደማ ነው። ባለ 512ቱ ሲሪስ ኤስ ላይ የሚተርፈው 364 አካባቢ ነው።

ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ቢሰካ የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ከዚያው ማጫወት ይቻላል፤ የ5ቱን ግን ማስቀመጥ እንጂ ማጫወት አይቻልም። በስዊች 2 በኩልም ጥንቃቄ አለ። አንዳንዱ ካርድ ጌሙን ሳይሆን የመክፈቻውን ፈቃድ ብቻ ስለሚይዝ፣ ካርዱን ገዝቶም ሙሉውን ማውረድ ግድ ነው። ማስፋፊያውም ማይክሮኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለው እንጂ እቤት ያለው አሮጌ ካርድ አይሆንም።

መልስ 5

ቁጥር 4 እውነቱን ነው፣ በዚህ ተቃጥያለሁ ከማለት ያለፈ ነገር አልጻፈም።

መልስ 6

ስለ አሮጌ ጆይስቲክ የጠየቀኝ ይሄ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ካለኝ በ5ቱ ላይ የ4ቱን ጌሞች ለመጫወት እንደሚሆን፣ የራሱን የ5ቱን ጌሞች ግን እንደማይቀበል ነገረኝ። ኤክስቦክስ በዚህ በኩል ለጋስ ነው፤ የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ በሲሪሶቹ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የመጀመሪያው ስዊች ጆይስቲኮችም በስዊች 2 ላይ በገመድ አልባ ይያያዛሉ፤ ጆይ-ኮን የሚባሉት በስዊች ግራና ቀኝ የሚገጠሙት ትንንሾቹ ግን ከጎኑ አይገጠሙም።

መልስ 7 እና 8

እነዚህ ሁለቱ ስለ ባትሪ ነው የተነጋገሩት፤ መከባበር ሳይጎድል በደንብ ተከራከሩ። ቁጥር 7 የኤክስቦክሱን ሁለት ድንጋይ አይወድም። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ የሆነው ዱዋልሴንስ 1560 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ውስጡ አለለት፤ ገመድ መሰካት ብቻ ነው። የስዊቹ ፕሮ ጆይስቲክ ደግሞ በ1300 ብቻ እስከ 40 ሰዓት እንደሚሄድ ጠቅሶ፣ ትልቅ ባትሪ ማለት ረጅም ሰዓት ማለት እንዳልሆነ አሳየን። የዱዋልሴንስን ባትሪ የሚበሉት ንዝረቱ፣ ድምፅ ማውጫውና እየጠነከረ የሚመልሰው ትሪገር (በሌባ ጣት የሚሳበው ቁልፍ) ናቸው።

ቁጥር 8 መልስ ነበረው። አንድ ጆይስቲክ ባትሪው ባዶ እንደሆነ መሳቢያ ውስጥ ከዓመት በላይ ትቶት፣ ሲያወጣው ገመድ ቢሰካለትም አልነሣ ብሎታል። ሊቲየም ባትሪ ባዶ ሆኖ መክረም አይወድም፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ነው መቀመጥ ያለበት። ድንጋይ የሚበላው ጆይስቲክ ግን ከአምስት ዓመት በኋላም አዲስ ሁለት ድንጋይ ካገኘ አዲስ ነው፤ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች አራት ይዞ ሁለት ሁለቱን እያፈራረቀ ይጠቀማል። እኔ በዚህ ከቁጥር 8 ጋር ነኝ። ባትሪው ሲሞት አብሮ የማይሞት ዕቃ ዋጋ አለው።

መልስ 9

ይዘገያል ብዬ የፈራሁትን በተመለከተ፣ ጥፋቱን ጆይስቲኩ ላይ ከመጣሌ በፊት የቴሌቪዥኑን ቅንብር እንድከፍት አዘዘኝ። ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር በሚያጣራበት ጊዜ የሚፈጠረው መዘግየት፣ ገመድ አልባው ከሚፈጥረው በብዙ ይበልጣል። የጌም ሞድ የሚባለው ይህን ማጣራት ያቋርጠዋል። አዲስ ቴሌቪዥንና አዲስ ኮንሶል በኤችዲኤምአይ ተነጋግረው ራሳቸው የሚቀይሩበት መንገድም አለ፤ የእኛው ግን በእጅ የሚቀየር ሆኖ አገኘሁት። ቀየርኩት፤ በአሮጌው ኮንሶላችን ላይ እንኳ ኳሱ ከጣቴ ጋር እኩል ሲሄድ ተሰማኝ። ይህ ምክር ብቻውን ክሩን መክፈቴን አስመስግኖኛል።

መልስ 10

ቁጥር 9 ላይ ተደርቦ የመጣ ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው በኮምፒውተር ሲጫወት ጆይስቲኩ በየደቂቃው ይቆራረጥበት ነበር። ሁለት ጆይስቲክ ቀያየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጥፋተኛው ከብሉቱዝ መቀበያው አጠገብ የተሰካው ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ሆኖ ተገኘ። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚረጨው የሬዲዮ ጫጫታ ብሉቱዝ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚወድቅ ነው። መቀበያውን በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ወደ ፊት ሲያወጣው ችግሩ እዚያው ቆመ።

መልስ 11

እናት መሆናቸውን የጻፉ ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ስለ ኮንሶል ብዙ እንደማያውቁ፣ ነገር ግን አሥር ሰው ሲመልስ አንዱም ሳይጠይቅ የቀረው ነገር እንደገረማቸው ገልጸው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ጆይስቲኩን የሚይዘው ወንድሜ እጁ ምን ያህል ነው፣ እንዴትስ ይይዘዋል?

መልስ 12 (የእኔ)

እዚህ ላይ ነው የደበቅኩትን ያወጣሁት። ልደብቀው ብዬ አልነበረም፤ እቤት ስለለመድነው ነው። ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ የግራ እጁ ጣቶች ጉልበት የላቸውም። አውራ ጣቱ አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚዞረውን ዘንግ) ያንቀሳቅሳል፤ ሌባ ጣቱ ግን ትሪገሩን ስቦ መያዝ አይችልም። የመኪና ጌም ሲጫወት ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ያስደግፍና፣ ፍሬን መያዝ ሲያስፈልገው መላውን ጆይስቲክ ወደ ታች እየገፋ የግራውን ትሪገር በጭኑ ይጫነዋል። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ትከሻው አብሮ ይወርዳል። ሁልጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ አየዋለሁ፤ ግን ጆይስቲክ ስመርጥ ትዝ አላለኝም። ታላቅ እህቱ እንደሆንኩም የጻፍኩት እዚሁ ነው። እስከዚያ ወንድሜ ሲሉኝ የነበሩት ከዚህ በኋላ ወደ እህቴ ዞሩ።

መልስ 13

ቁጥር 11ንም 12ንም ሳያነብ የመጣ ይመስለኛል። ጆይስቲክ መግዛት ከተፈለገ አናሎጉ በማግኔት የሚሠራውን ብቻ፣ እሱ ለዘላለም አይበላሽም ብሎ ደመደመ። ክሩ ወደ ሌላ መንገድ የገባው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 14

ዕቃ ፈትቶ የሚያስተካክል ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በተለመደው ጆይስቲክ ውስጥ ከአናሎጉ ሥር ጎንና ጎን ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ካርቦን የተቀባ ስስ ሰሌዳ ይገኛል፤ አናሎጉ በዞረ ቁጥር አንዲት የብረት ምላስ እላዩ ላይ ትንሸራተታለች። ምላሷ በጊዜ ብዛት ካርቦኑን ትፍቀዋለች። የተፋቀው ቦታ ላይ ንባቡ ስለሚዛባ፣ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ድሪፍት የምንለው ይህንኑ ነው። ማግኔት ያለው ዓይነት ግን የሚፋተግ ነገር የለውም፤ ማግኔቱ ሲዘዋወር ከሥሩ ያለው መለኪያ ከርቀት ያነበዋል። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ከዚህ በፊት አልገጠመኝም።

መልስ 15፣ 16 እና 17

ቁጥር 15 ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳልሆነ፣ የሴጋ ድሪምካስት ጆይስቲክ በ1998 ማግኔት እንደነበረው ጻፈ። ቁጥር 16 ዓመቱ 1999 ነው ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 17 ሁለቱንም አስታረቀ፤ ጃፓን ውስጥ የወጣው በ1998፣ ሰሜን አሜሪካ የደረሰው በ1999 ነው።

መልስ 18

ቁጥር 13ን ሊያርም መጣ፤ ቃሉ ግን ስለታም ነበር። ማግኔቱ አያልቅም ማለት አናሎጉ አይበላሽም ማለት አይደለም። ወደ መሀል የሚመልሰው ስፕሪንግ ይላላል፣ ፕላስቲኩ ይፋቃል፣ መሀሉ በቅንብር ካልተስተካከለ ከአዲስነቱም ዘንበል ሊል ይችላል። ደግሞም ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ከኮንሶሉ ጋር የሚሰጡት ጆይስቲክ ማግኔት የለውም፤ ኔንቲዶ የስዊች 2 ጆይ-ኮንም እንደሌለው ገና ከመውጣቱ በፊት ተናግሯል። ማግኔት የሚፈልግ ሰው የሌላ አምራች ዕቃ መግዛቱ ነው። ያ ደግሞ ኮንሶሉን ከርቀት ላይቀሰቅስ፣ በፕሌይስቴሽን 5 ጌሞችም ላይ ላይሠራ ስለሚችል ሳያጣሩ መምከር ሰውን ማክሰር ነው አለ።

መልስ 19 እና 20

ቁጥር 13 ተመልሶ መጣ፤ እስከዚያ በመድረኩ ላይ የነበረው አንቱታ እዚህ ላይ ወደቀ። እሱና ቁጥር 18 አንተ ምን ታውቃለህ መባባል ጀመሩ። ግማሹን አወያዩ ስላጠፋው እኔም አልደግመውም። ከተረፈው ውስጥ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። ድሪፍቱ ትንሽ ከሆነ በጌሙ ቅንብር ውስጥ አናሎጉ መሀል ላይ ሳይነበብ የሚቀርበትን ክልል ሰፋ ማድረግ ለተወሰነ ጊዜ ይይዘዋል፤ ስዊች ላይ ደግሞ አናሎጉን እንደገና የሚያስተካክል ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ አለ። የጆይ-ኮን ድሪፍት ብዙ ሰው ስላማረረ የኔንቲዶው ፕሬዝዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በ2020 ይቅርታ መጠየቃቸውንም አንዱ አንሥቷል።

መልስ 21

ንዴቱ በረድ ሲል አንዱ ስለ ፎርጅድ ጻፈ፤ ይህን ሁላችሁም ያዙት። ኦሪጅናል ነው ተብሎ የተሸጠለት ዱዋልሴንስ ከአንድ ወር በኋላ ትሪገሩ እንደማይጠነክር፣ ንዝረቱም እንደ አሮጌ ስልክ መንጫጫት ብቻ እንደሆነ ገባው። ከዚያ ወዲህ ሲገዛ ጆይስቲኩን ገልብጦ እጅ የሚያርፍበትን ሻካራ ቦታ በስልኩ ካሜራ አቅርቦ ያያል። ኦሪጅናሉ ላይ ያ ሻካራነት ተራ ነጠብጣብ አይደለም፤ ከሽንብራ ቅንጣት በብዙ ያነሱ የፕሌይስቴሽን አራት ቁልፎች ምልክቶች፣ ማለትም ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ መስቀልና አራት ማዕዘን ተደርድረው ነው የሠሩት። የእኔን አሮጌውን አውጥቼ ላየው ብዬ፣ ለካ እሱ የ4ቱ ስለሆነ ይህ ነገር የለውም።

መልስ 22፣ 23 እና 24

ከርዕስ ወጡ፤ ግን ደስ ይላል። ከቅርጾቹ ተነሥተው ስለ ቁልፎች ቦታ ያወሩ ጀመር። ጃፓን ውስጥ ለብዙ ዓመታት በፕሌይስቴሽን እሺ ማለት ክብ ነበር፤ ሌላው ዓለም ደግሞ መስቀሉን ይጫናል። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ጃፓንም ወደ መስቀል ገባች። ቁጥር 23 ከኤክስቦክስ ወደ ኔንቲዶ ሲሻገር ኤ እና ቢ የተባሉት ቁልፎች ቦታ ስለሚለዋወጡ፣ ለሳምንታት እሺ ሊል ሲፈልግ ተመለስ ሲል እንደከረመ አጫወተን። ቁጥር 24 ሁለቱንም ገሠጸ፤ ሴትዮዋ ቁጥር 11 ላይ የጠየቁት ከዚህ ሁሉ እንደሚበልጥና ልጁን ሁላችንም እንደረሳነው ጻፈ። አመሰግነዋለሁ።

መልስ 25

ከሁሉ የጠቀመኝ መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው ራሱ በአንድ እጁ የሚጫወት ነው፤ ተረጋግቶ፣ ምንም ሳያጋንን ጻፈ። መጀመሪያ ምንም ሳንገዛ የምንሞክረውን ነገረኝ። የሦስቱም ኩባንያ ኮንሶሎች ቁልፎችን ማቀያየር ይፈቅዳሉ። የወንድሜ ችግር የግራው ትሪገር ብቻ ከሆነ ያንን ከአራት ማዕዘኑ ጋር ማለዋወጥ ነው፤ ያኔ ነዳጁን በቀኝ ሌባ ጣቱ፣ ፍሬኑን በቀኝ አውራ ጣቱ ይይዘዋል፣ ግራው መሪውን ብቻ ያዞራል። በፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ የትሪገሩን ጥንካሬ ከቅንብር መቀነስ ወይም ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ያ የትሪገር መጠንከር፣ ጉልበት ለሌለው ጣት ተራራ እንደሆነም አልደበቀኝም።

ይህ ካልበቃ፣ ከጀርባቸው ተጨማሪ ቁልፍ ያላቸው ጆይስቲኮች አሉ። የኤክስቦክስ ኤሊት 2 አራት፣ በ2023 የወጣው ዱዋልሴንስ ኤጅ ሁለት አላቸው። የቀኙን የጀርባ ቁልፍ የግራ ትሪገርን ሥራ እንዲሠራ አድርጎ ማዘዝ ይቻላል፤ ሥራ ፈቶ የነበረው የቀኝ መካከለኛ ጣት ሥራ ያገኛል። ኤጅ አናሎጉ ሲበላሽ ያለ ሶልደር ተነቅሎ በሌላ ይተካል፤ ባትሪው ግን 1050 ሚሊአምፒር-ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከተራው ቶሎ ያልቃል።

መልስ 26

በቁጥር 25 ላይ ጨመረ። ኤክስቦክስ ላይ ቀድሞ ኮፓይለት ይባል በነበረው አሠራር ሁለት ጆይስቲክ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ወንድሜ ሲነዳ እኔ ከጎኑ ሆኜ ፍሬኑን ብቻ ልይዝለት እችላለሁ። ፕሌይስቴሽን 5ም በ2023 ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። በ2018 የወጣው የኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ሁለት ትልልቅ ሰሌዳዎችና ከኋላው 19 መሰኪያዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ መሰኪያ በእግር፣ በክርን ወይም በአገጭ የሚጫን ቁልፍ መሰካት ይቻላል። ፕሌይስቴሽንም በ2023 አክሰስ የተባለውን አውጥቷል፤ እሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ክብ ጆይስቲክ ነው።

መልስ 27

እንዲህ ያለ ልጅ ከሆነ በልዩው ይጫወት፣ ተራውን ምን ያደርግለታል ብሎ የጻፈ ነው። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አጻጻፉ ግን ከፋኝ፣ ከፋኝም ብዬ መለስኩለት።

መልስ 28

ቁጥር 11 ላይ የጻፉት እናት ተመልሰው መጡ። ሁላችሁም ስለ ልጁ ታወራላችሁ፣ ልጁን የጠየቀው አለ ወይ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ከመግዛታችን በፊት እነዚህ ዕቃዎች ያሉት ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልገን እያንዳንዱን እጁ ላይ እንድናስቀምጥለት አሳሰቡ።

መልስ 29 (የእኔ)

እንዳሉት አደረግን። በሁለት ቅዳሜ ሦስት ዓይነት ሞከርን። ጆይ-ኮኖቹ ለየብቻ ስለሚያዙ ግራ እጁን ጭኑ ላይ፣ ቀኙን ሶፋው መደገፊያ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አቀማመጡን ወደደው፤ ቁልፎቹ ግን አነሱበት። የኤክስቦክሱ ጆይስቲክ ለእጁ ተስማምቶታል፤ ትሪገሩም ለስላሳ ነው። ኮፓይለቱን አንድ ዙር ሞከርነውና፣ ፍሬኑን እኔ ስይዝለት ያሸነፈው እሱ እንዳልሆነ ነግሮኝ አቆምን። ዱዋልሴንስ ላይ የትሪገሩን ጥንካሬ አጥፍተን ፍሬኑን ወደ አራት ማዕዘኑ ስናዛውር መጀመሪያ ግድግዳ እየመታ ተናደደ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ትከሻው አልወረደም። የአዳፕቲቩንና የአክሰሱን ምስል አሳየሁት፤ በደንብ አያቸውና ጆይስቲክ መያዝ እንደሚችል፣ አሁን እንደማያስፈልጉት ነገረኝ። ቃሉን አከበርኩ።

መልስ 30 እና 31

አንዱ ኢንተርኔት ላይ ከሰው ጋር ለመጫወት ወርሃዊ ክፍያ እንዳለ ረሳችሁ አለ። ቁጥር 31 አስተካከለው፤ በሦስቱም ኮንሶሎች ክፍያ የሚያስፈልገው ተገዝተው ለሚጫወቷቸው ጌሞች እንጂ ለነፃዎቹ አይደለም። እኛ አንድ ሶፋ ላይ ስለሆንን በዚህ ብዙ አልቆየሁም።

መልስ 32 (የእኔ)

ዲስክ ማስገቢያ ያለውን ፕሌይስቴሽን 5 ያዝን። ለእኔ አብሮት የመጣው ተራ ዱዋልሴንስ፣ ለእሱ ኤጅ። ዲስኮቹ ወሰኑልን፤ ጆይስቲኩን ደግሞ መካከለኛ ጣቱ መረጠ። ፍሬኑ አሁን በቀኝ በኩል ከጀርባ ነው፤ አውራ ጣቱ ከአናሎጉ ሳይነሣ ይይዘዋል። ባትሪው ቁጥር 25 ያለውን ያህል አጭር ሆኖ አግኝተነዋል፤ ረጅም ገመድ ሶፋው ሥር ዘርግተናል፣ ሲያልቅ እየሰካን እንጫወታለን።

መልስ 33

ቁጥር 27 ነው። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ወንድሜ ኳስ ላይ እንዴት ነው ብሎም ጠየቀ። ይበልጠኛል አልኩት።

መልስ 34

የመጨረሻው ጠያቂ፣ አንድ ኤጅ ሁለት ሰው ሲቀባበለው የቁልፎቹ አደራደር በየጊዜው እንደገና መሠራት አለበት ወይ አለ። አያስፈልግም። አደራደሩ እዚያው ጆይስቲኩ ውስጥ ይቀመጣል። ከአናሎጎቹ ሥር ሁለት አጫጭር ቁልፎች አሉ፤ አንዱን ይዞ ሦስት ማዕዘኑን ሲጫኑ እንደ ተራው ይሆናል፣ ክቡን ሲጫኑ ክቡ ላይ ያስቀመጡትን ያመጣል። ወንድሜ የእሱን ክቡ ላይ አድርጎታል። የእኔ ቻርጅ ሲያልቅ የእሱን እቀማውና ሦስት ማዕዘኑን እጫናለሁ፤ መልሶ ሲነጥቀኝ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ክቡን ይጫናል።